ቪትዜ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ መካኒኩ «ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል» አለኝ። ልመነው?

ቪትዝ_ሳቢያን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጀመዓ እንዴት ናችሁ? ድሬ ነኝ፣ ሳቢያን። የ2001 ቶዮታ ቪትዝ አለችኝ፣ ባለ 1000 ሲሲ። ከገዛኋት ስምንት ወር ሆነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጸባይዋ ሌላ ሆኗል።

ጠዋት ምንም አትልም፣ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ጣጣው ከሞቀች በኋላ ነው። ከዚራ ጥላ ሥር አቁሜያት ቡና ጠጥቼ ስመለስ እምቢ ትላለች። ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጬ ብዙ ካዞርኳት በኋላ እየተንዘፈዘፈች ትነሳለች። ከኋላ ጥቁር ጭስ ነው። የቤንዚኑን ነገር ተዉት። ሐረር ደርሼ ስመለስ የድሮዋን አንድ ተኩል እጥፍ ትጠጣለች። ካንዴላ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። በሁለተኛው ሳምንት አውጥቼ ሳየው ከሰል መስሏል።

ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ ትንሽ አዳመጠ፣ «ኮምፒውተሯ ተቃጥሏል፣ ያገለገለ በ18 ሺህ ብር አመጣልሃለሁ» አለኝ። ምንም ማሽን አልሰካባትም። በጆሮው ብቻ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንዴ ኮረኮንች ላይ እየተንገጫገጨች ሳለ ድንገት ትድናለች። ጭሱ ይጠፋል፣ ጉልበቷ ይመለሳል። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ወደዚያው ጸባይዋ። የተቃጠለ ኮምፒውተር በኮረኮንች ይድናል እንዴ?

ገንደቆሬ04
ሰኞ፣ 2፡25

አቦ ምን ያስጨንቅሃል፣ ቀይረህ ተገላገል። የጎረቤቴ ኮሮላ እንዲሁ ስታጨስ ኮምፒውተር ነው የቀየሩላት።

ካንዴላ404
ሰኞ፣ 2፡48

አሮጌ መኪና የምወደው ለዚህ ነው። እኔ ሙያውን የለመድኩት በፔጆ 404 ነው። ሐረር ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ያውቃታል። እሷ ላይ «ኮምፒውተሯ ተቃጠለ» ብሎ ገንዘብ መቀበል አይቻልም። መፍቻና ጆሮ ካለህ ይበቃሃል። የዛሬ ልጆች ደግሞ በጆሮ ኮምፒውተር ያክማሉ።

ለማንኛውም ብርህን ያዝ። ጥቁር ጭስ ማለት ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ለምን በዛ? ይህን ሳይመልሱ የኮምፒውተሩን ሳጥን መቀየር ሎተሪ መቁረጥ ነው።

ሚሚ_ለገሃሬ
ሰኞ፣ 3፡05

ጣልቃ ልግባና፣ ግን ኮምፒውተሩ ሞተር ላይ ምን ይሠራል? ቤንዚን ይገባል፣ ካንዴላው ይለኩሳል፣ ፒስተኑ ይገፋል። ምኑ ነው የሚታሰበው? ጋሽ ካንዴላ እንዳሉት ድሮ ያለ ኮምፒውተር ይሄድ ነበር።

ካንዴላ404
ሰኞ፣ 3፡11

«እንዳሉት» ትለኛለች! እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው የለም። ከየት ነው የመጣሽው?

ሚሚ_ለገሃሬ
ሰኞ፣ 3፡14

ከደሴ። ገና ዓመት አልሞላኝም። እሺ፣ አንተ።

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ሰኞ፣ 3፡52

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነው። ሚሚ፣ ጥያቄሽ ቀላል አይደለም፣ ብዙ መካኒክም አይመልሰውም። ትንሽ ይረዝምብሻል።

ድሮም ስሌት ነበረ፣ የሚያሰላው ብረት ነበር እንጂ። ካንዴላ404 ይመስክር። የ404ን ዲስትሪቢዩተር፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለውን፣ ብትፈቺ ውስጡ በስፕሪንግ የታሰሩ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች ታገኛለሽ። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ያኔ እሳቱ ቀደም ብሎ ይመጣል። ጎኑ ላይ ደግሞ በቀጭን ቱቦ የሚሳብ ክብ ቆርቆሮ አለ። እሱ ሞተሩ ምን ያህል እንደተጫነ ይለካል። ኮምፒውተሩ ይኸው ነበር። የስፕሪንጉ ጥንካሬ ፕሮግራሙ ነው። ስፕሪንጉ ሲላላ ፕሮግራሙ ተበላሸ።

እሳቱ ለምን ይቀድማል? ቤንዚን ሲነድ ጊዜ ይወስዳል። ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሰከንድ 50 ዙር ነው፣ አንዱ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አራት ሲሊንደር ካለ በሰከንድ 100 እሳት ያስፈልጋል። ፒስተኑ ጫፍ ለመድረስ 30 ዲግሪ ሲቀረው ይለኮስ ከተባለ፣ ያ ከ2 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። ስፕሪንጉ ይህን በግምት ይሠራዋል። የኮምፒውተሩ ሳጥን ግን እያንዳንዱን እሳት ለብቻው ያሰላል።

ፒስተኑ የት እንዳለ በምን ያውቃል? ክራንኩ፣ ማለት ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ክብ ብረት አለ። ብዙ ቶዮታ ላይ የ36 ጥርስ ቦታ ይኖረውና ሁለቱ ሆን ተብለው ይዘለላሉ፣ 34 ይቀራል። አጠገቡ ያለው ሴንሰር ጥርስ ባለፈ ቁጥር ምት ይልካል። ምት፣ ምት፣ ምት፣ ከዚያ ዝም። ሳጥኑ ቦታውን የሚያውቀው በዚያ ዝምታ ነው። ያ ሴንሰር ከሞተ መኪናዋ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አትነሳም።

ቤንዚኑ ደግሞ እንዲህ ነው። ሳጥኑ መጀመሪያ ምን ያህል አየር እንደገባ ይለካል። ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ነው ሒሳቡ። ከዚያ ፋብሪካው የጫነበትን ሰንጠረዥ ያያል። በአንድ በኩል የሞተሩ ፍጥነት፣ በሌላ በኩል አየሩ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቤት ውስጥ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ስንት ሚሊ ሰከንድ ይከፈት የሚል ቁጥር አለ። ሞተሩ ሞቆ ቆሞ ሲሠራ 2 ወይም 3 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ነው። ቁጥሩ በሁለት ቤቶች መሃል ሲወድቅ በመካከላቸው ያለውን አስልቶ ይወስዳል።

ከዚያ ማስተካከያ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ቤንዚን ይጨምራል፣ ምክንያቱም ቀዝቃዛ ብረት ላይ ቤንዚን በደንብ አይተንም። ሲሞቅ ይቀንሳል። በመጨረሻ የጭስ ማውጫው ላይ ኦክስጅን ሴንሰር አለ። ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ነው። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፣ ሲያንስ ወደ 0.1 ይወርዳል። ሳጥኑ እሱን እየሰማ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ እንዲህ ሲል ይውላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሳጥኑ ራሱ ምንም አያይም። ሞቀ ቀዘቀዘ፣ ፈጠነ ቆመ የሚለውን ሁሉ ሽቦ ነው የሚነግረው። ሽቦው ከዋሸ በውሸቱ ላይ ትክክለኛ ሒሳብ ይሠራል። በሥራዬ ካየሁት «ኮምፒውተር» ተብሎ ከመጣው አብዛኛው ሽቦ፣ ሶኬት ወይም ቦዲው ላይ የሚታሰረው ኔጋቲቭ ነው።

ቪትዝ_ሳቢያን፣ እስቲ ይህን አይተህ ንገረኝ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ስትከፍት ክሩስኮቱ ላይ የሞተር ምልክት ያለው ቢጫ መብራት ይበራል? የራዲያተሩ ፋንስ መቼ ነው የሚነሳው? ላቫጆ ስትወስዳት ሞተሩንም ታሳጥባለህ?

ገንደቆሬ04
ሰኞ፣ 4፡03

ወሪያ ይሄ ትምህርት ቤት ሆነ እኮ።

ካንዴላ404
ሰኞ፣ 4፡10

ኤሌክትሮ፣ መሰከርኩልህ። ግን 404ን ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡራተር ብቻ አታሳንሳት። በኩገልፊሸር ፓምፕ በሜካኒካል ኢንጀክሽን የምትሠራም ነበረች፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.)። አንድ ሽቦ ሳይኖረው ቤንዚን ለክቶ ይረጫል። ብረት ነው ሁሉም።

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ሰኞ፣ 4፡18

እውነት ነው። ቦሽ ዲ-ጄትሮኒክን በ1967 ቮልስዋገን 1600 ላይ ሲገጥም ነው ነገሩ ወደ ሽቦ የዞረው። ያኛው ቤንዚን ብቻ ነበር የሚቆጣጠረው። ቤንዚንና እሳትን አንድ ሳጥን ውስጥ ያስገባው ሞትሮኒክ በ1979 ቢኤምደብሊው ላይ መጣ። የኛ ቪትዝ የዚያ የልጅ ልጅ ናት።

ጀጎል_ዙሪያ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከሐረር ነኝ። ምናልባት ደንገጎ ይሆን? እኔም ከድሬ ስመጣ ዳገቱ ላይ መኪናዬ ይደክማል። ኮምፒውተሩ ከፍታውን ያውቃል?

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ማክሰኞ፣ 1፡55

ያውቃል። የአየር ግፊት ሴንሰር ያላት መኪና ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የውጩን ግፊት ታነባለች። ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 88 ይወርዳል። ሐረር 1,900 ገደማ ነው፣ ወደ 80 ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ሳጥኑ ቤንዚኑን አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጭስ የለም። ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። አየር ከሌለ ኮምፒውተር ከየት ያመጣዋል?

ካንዴላ404
ማክሰኞ፣ 2፡10

404 ላይ ይህን እኛ ነበርን የምናደርገው። ድሬ ላይ ያስተካከልነው ካርቡራተር ሐረር ሲደርስ ያጨሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተር ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስማ። ሐረር ያስተካከልነው ደግሞ ድሬ ሲወርድ ይራባል። ሁለቱን ከተማ የሚያመላልስ ሹፌር ምን እንደሚለን አትጠይቁኝ።

ቪትዝ_ሳቢያን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

አየሁ። ቢጫው መብራት አይበራም። ዘይቱም ባትሪውም ይበራሉ፣ የሞተሩ ብቻ ጨለማ ነው። እኔ እስካሁን ደስ ይለኝ ነበር፣ «ምንም ጥፋት የላትም» እያልኩ።

ፋኑ ቁልፍ እንደከፈትኩ ይነሳል፣ እስካጠፋ አይቆምም። የሸጠልኝ ሰው «ለድሬ ሙቀት ብለን ዳይሬክት አስደርገነዋል» ብሎኝ ነበር። ላቫጆ አዎ፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሞተሩንም በግፊት ውሃ።

ካንዴላ404
ማክሰኞ፣ 1፡31

አምፖሉን ነቅለውታል! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው።

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ማክሰኞ፣ 2፡05

በቃ፣ ሽታው መጣልኝ። ፋኑን ለሙቀት አይደለም ዳይሬክት ያደረጉት። በራሱ መነሳት ስላቆመ ነው። ለምን አቆመ? ሳጥኑ ሞተሩ እንደሞቀ ስለማያውቅ ነው። የምጠረጥረው የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ነው፣ ወይም የሱን ሶኬት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሴንሰሩ ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ፣ ማለት ኤሌክትሪክ የሚከለክልበት መጠን፣ የሚወርድ ነገር ነው። 20 ዲግሪ ላይ ወደ 2,500 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ወደ 300 ኦም። ሳጥኑ 5 ቮልት ይልክና ስንት እንደተመለሰ ያያል። አሁን ሶኬቱ ውስጥ ዝገት አለ እንበል። ዝገቱ ራሱ 2,000 ወይም 3,000 ኦም ጨመረ። ሞተሩ 90 ዲግሪ ላይ ሆኖ ሳጥኑ የሚያነበው 15 ዲግሪ ነው። ለሳጥኑ ዝገት ማለት ብርድ ነው።

አስበው እንግዲህ። ድሬ ላይ፣ እኩለ ቀን፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ሲሄድ፣ የአንተ ቪትዝ በርዷታል። ስለዚህ ቤንዚን ትጨምራለች። ኦክስጅን ሴንሰሩ «በዛ! በዛ!» እያለ ይጮሃል፣ ግን ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ሳጥኑ እሱን አይሰማም። ጠዋት የምትነሳው ያኔ እውነትም ትንሽ ተጨማሪ ስለምትፈልግ ነው። ሞቃ ስትቆም ግን ሲሊንደሩ በቤንዚን ይረጥባል። እስከ ወለል ስትረግጥ የምትነሳልህም በምክንያት ነው። ብዙ ሳጥኖች መስጫው ሙሉ ተረግጦ ሞተር ሲዞር «ታንቄያለሁ» ማለት መሆኑን ተረድተው ቤንዚኑን ይዘጋሉ።

ሚሚ_ለገሃሬ
ማክሰኞ፣ 2፡20

ታዲያ ኮረኮንቹ ላይ ለምን ትድናለች?

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ማክሰኞ፣ 2፡34

ሚሚ፣ አንቺ ጋራዥ ክፈቺ። ኮረኮንቹ ሲንጣት የዛገው ሶኬት ጭራሽ ይለያያል። ያኔ ሳጥኑ የሚያነበው 15 ዲግሪ ሳይሆን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ነው። ይህ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል። «ሴንሰሩ ተቆርጧል» ይልና በራሱ 80 ዲግሪ ነው ብሎ ይይዛል። ቶዮታ እንዲህ ያደርጋል። 80 ደግሞ ለእውነቱ በጣም ይቀርባል። ስለዚህ ትድናለች። ሽቦው መልሶ ሲነካካ ውሸቱ ይመለሳል። ውሸቱ ትንሽ ሲሆን ነው የሚጎዳት፤ ሲበዛማ ትነቃበታለች።

ቪትዝ_ሳቢያን፣ ብር ሳታወጣ ሞክር። ስታጨስ ሞተሩን ሳታጠፋ ሶኬቱን ንቀለው። ቴስታው (የሞተሩ ራስ) አጠገብ፣ ውሃው ወደ ራዲያተር በሚወጣበት፣ ባለ ሁለት ሽቦ። ብረቱ ይፋጃል፣ ፋኑም እየዞረ ነው፣ እጅህን ጠብቅ። ሚኒሞው (ቆማ ስትሠራ ያለው ዙሯ) ከተረጋጋና ጭሱ ከቀነሰ አገኘኸው።

የተነቀለውንም አምፖል መልሰው። ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አለ። 4 እና 13 ቁጥርን በአጭር ሽቦ አገናኝና ቁልፍ ክፈት። መብራቱ ብልጭ እያለ የጥፋቱን ኮድ ይቆጥርልሃል። 16 ቁጥርን ግን እንዳትነካ፣ ከባትሪ ቀጥታ የሚመጣ 12 ቮልት ነው። ስልክ ላይ የሚሠሩት ርካሽ ብሉቱዝ መሣሪያዎች ከነዚህ የጃፓን አሮጌ ቶዮታዎች ጋር ብዙ ጊዜ አይግባቡም፣ ለሱ ብር አታጥፋ።

ገንደቆሬ04
ማክሰኞ፣ 2፡50

ኮምፒውተር ጭራሽ አይበላሽም ልትሉን ነው?

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ማክሰኞ፣ 3፡02

ይበላሻል። ውሃ ሲገባበት። ባትሪ ሲያበድሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሲገለበጥ። ባትሪ ሳይነቅሉ ቦዲ ሲበየድ። ሲያረጅ ደግሞ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ብረት የሚበላ ፈሳሽ ያፈሳሉ። ግን ያገለገለ ሲገዛ ቁጥሩ አንድ መሆን አለበት፣ የማኑዋልና የኦቶማቲክ ይለያያል። የቁልፍ ጥበቃ ያላት መኪና ከሆነች ደግሞ በሌላ ሰው ሳጥን አትነሳም።

ቪትዝ_ሳቢያን
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡15

ጀመዓ! ወላሂ ነቀልኩት። ሰፈር ውስጥ ሁለት ዙር ነዳኋት፣ ማጨስ ጀመረች፣ ኮፈኑን ከፍቼ ሶኬቱን ሳብኩት። አንዴ ክው አለችና ቀጥ ብላ መሥራት ጀመረች። ጭሱ እያየሁት ሳሳ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ «አባዬ ምኗን ነቀልክባት?» ይለኛል።

ሶኬቱን አገላብጬ አየሁት። ከሁለቱ እግሮች አንዷ አረንጓዴ ሆናለች፣ ዙሪያዋን እንደ ኖራ ነጭ ነገር ይዟታል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚይዘው ያው ነጭ ነገር ነው።

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ቅዳሜ፣ 9፡40

የድሬ ውሃ ነዋ! ላቫጆ በግፊት ይረጩታል፣ የሶኬቱ ጎማ ካረጀ ይገባል፣ ውሃው ይደርቃል፣ ኖራው ይቀራል። ራዲያተርህም ውስጥ የቧንቧ ውሃ ካለ ሴንሰሩን ከውስጥ ይጋግረዋል። አውጥተህ እየው።

ቴስተር አለህ? ሴንሰሩን ብቻውን ለካው።

ቪትዝ_ሳቢያን
ቅዳሜ፣ 11፡20

ከጎረቤት ተዋስኩ። ቀዝቅዞ 1,700 ኦም ገደማ። የፈላ ውሃ ኩባያ ውስጥ ስነክረው ወደ 250 ወረደ።

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ቅዳሜ፣ 11፡31

ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ሶኬቱን ብቻ ቀይረው። ከአሮጌ መኪና ላይ ከነሽቦው ቆርጠው ይሸጡልሃል፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ አካባቢ ጠይቅ። ስታያይዘው በእጅ ጠምዝዘህ በፕላስተር እንዳትጠቀልለው፣ በካውያ ይበየድ። ሲያልቅ ኢ.ኤፍ.አይ. የሚለውን ፊውዝ አንድ ደቂቃ ነቅለህ መልሰው፣ የድሮውን ኮድ ይረሳል። ያን ሁሉ ጊዜ የተማረውን ማስተካከያም ይረሳል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ትንሽ ብትንገዳገድ አትደንግጥ።

ቪትዝ_ሳቢያን
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ሶኬት ከነብየዳው 600 ብር። አምፖሉም ተመለሰ። ኮዱን ሳላጠፋ መጀመሪያ አስቆጠርኩት። ሁለት ብልጭታ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሁለት ብልጭታ።

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ሰኞ፣ 1፡52

22። ቶዮታ ላይ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ማለት ነው። ስትነግርህ ኖራለች፣ አፏን ዘግተውባት ነው እንጂ።

ቪትዝ_ሳቢያን
ሰኞ፣ 2፡00

ትናንት ሐረር ወጥቼ ተመለስኩ። ሐረማያ ጋ ሆን ብዬ አጥፍቼ ሩብ ሰዓት አቆምኳት። በአንድ ቁልፍ። ፋኑን ግን ገና ወደ ቦታው አልመለስኩትም፣ እሱን አንተ ጋ ይዤ እመጣለሁ። ሌላ ሰው እንዲነካት ፈራሁ።

ካንዴላ404
ሰኞ፣ 2፡08

18 ሺህ ብር ከኪስህ ሳይወጣ ቀረ። ቡና ያስፈልገናል።

ጀጎል_ዙሪያ
ሰኞ፣ 2፡15

ሐረር ኑ፣ ቡናው እኔ ጋ ነው።

ገንደቆሬ04
ሰኞ፣ 2፡40

ኤሌክትሮ፣ የሥራ ቦታህ ከዚራ የቱ ጋ ነው? ያቺ የጎረቤቴ ኮሮላ ኮምፒውተር ከቀየሩላትም በኋላ ታጨሳለች።

ኤሌክትሮ_ከዚራ
ሰኞ፣ 2፡44

ፋኗ ዳይሬክት ነው?

ገንደቆሬ04
ሰኞ፣ 2፡51

ቆይ ጠይቄው ልምጣ።

ገንደቆሬ04
ሰኞ፣ 3፡06

ነው።